የሉካስ ኤሮስፔስ ሠራተኞች ዕቅድና የድርጅት ኃላፊነት ጥያቄ

አንድ የንግድ ድርጅት የበጀት ዓመቱን ዘግቶ ሒሳቡን ለባለአክሲዮኖቹ ሲያቀርብ፣ ሰነዱ ከጥንት ጀምሮ እንዲመልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይኸውም «ገንዘባችን ምን ደረሰ?» የሚለው ነው። ዛሬ ግን የአንድ ትልቅ የአውሮፕላን መሣሪያ አቅራቢ ኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት ገልጦ የሚመለከት ሰው ከሽያጩ፣ ከትርፉና ከአክሲዮን ድርሻው ቀጥሎ ስለ ሠራተኞች ደኅንነት፣ ስለ አየር ብክለት፣ ስለ ሥነ ምግባር ደንብና ስለ አካባቢው ሕዝብ የሚናገሩ ረዣዥም ምዕራፎች ያጋጥሙታል። እነዚህ ምዕራፎች በአብዛኛው የሚጻፉት በኩባንያው ሥራ አስኪያጆች ነው፤ የሚያነቧቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥቂቶች ናቸው። የማኅበራችን የመጽሔት ዝግጅት ኮሚቴ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ታሪካዊ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ወደ አእምሮዬ የመጣው፣ ጥያቄውን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ያቀረቡት የእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሠራተኞች ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የኩባንያው አነሣስ ትሑት ነው። ጆሴፍ ሉካስ የተባለው ሰው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በበርሚንግሃም ከተማ የመብራት ጋዝና ፋኖስ በጋሪ እየገፋ ይሸጥ ነበር። የብስክሌት ፋኖስ መሥራት ከጀመረ በኋላ ግን ንግዱ ሰፋ፤ አውቶሞቢል በመጣ ጊዜም የእንግሊዝ መኪና ሁሉ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሞላ ጎደል ከሉካስ የሚመጣ ሆነ። (የእንግሊዝ ሾፌሮች በዝናብ ሌሊት መብራታቸው ሲጠፋባቸው ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበት እንደነበር የታወቀ ነው።) ኩባንያው በ1926 ሮታክስ የተባለውን ፋብሪካ ገዝቶ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ፍራንክ ዊትል የፈለሰፈው የጄት ሞተር ነዳጁን በሚገባ የሚያነድድበት ክፍል እንዲገኝለት ከደከሙት አንዱ ሉካስ ነበር።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ መንግሥት የተበታተኑ ትናንሽ ድርጅቶች ተጠቃልለው ከአሜሪካኖች ጋር ለመወዳደር የሚችሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እንዲሆኑ ይገፋፋ ነበር። ሉካስም በዚሁ መንገድ በርከት ያሉ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካዎችን ገዝቶ አዋሐደና «ሉካስ ኤሮስፔስ» የተባለውን ክፍል አቋቋመ። ይህ ክፍል በበርሚንግሃም፣ በለንደን ዊልስደን፣ በበርንሊ፣ በብራድፎርድ፣ በሊቨርፑል፣ በዎልቨርሃምፕተንና በሌሎችም ቦታዎች በጠቅላላው 17 ያህል ፋብሪካዎች ነበሩት። ከሥራው ግማሽ የሚሆነው ለጦር አውሮፕላን ነበር። የሚያመርተው ሙሉ አውሮፕላን አይደለም፤ ጄኔሬተር፣ የነዳጅ መቆጣጠሪያ፣ የክንፍ ማንቀሳቀሻ፣ የሞተር ማስነሻና የመሳሰለውን ነው። የአቅራቢነት ሕይወት እንዲህ ነው፤ ዕጣው የሚወሰነው በራሱ ገበያ ሳይሆን በገዢው ዕድል ነው።

ይህም ብዙ ሳይቆይ ታየ። ሮልስ ሮይስ ለሎክሂድ ትራይስታር አውሮፕላን የሚሆነውን አር ቢ 211 ሞተር ለመሥራት የገባው ውል ከአቅሙ በላይ ሆኖበት እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 1971 ወደቀ። ለሙያ ጓደኞቼ ይህ ውድቀት የራሱ ትምህርት ነበረው። ኩባንያው ለምርምርና ለልማት ያወጣውን ገንዘብ እንደ ሀብት ቈጥሮ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ሲያሻግር የኖረ በመሆኑ፣ መጻሕፍቱ ሞተሩ እየበላው የነበረውን ገንዘብ በጊዜው አላሳዩም። የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች በታኅሣሥ 1977 ባወጡት 13ኛው የሒሳብ አያያዝ መመሪያ የምርምር ወጪ በወጣበት ዓመት እንዲመዘገብ ያዘዙት ይህን የመሳሰለው ነገር ካስደነገጣቸው በኋላ ነው። ለሮልስ ሮይስ ዕቃ የሚያቀርቡት ሠራተኞች ግን መመሪያ እስኪወጣ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። በ1970 ወደ 18,000 ይጠጋ የነበረው የሉካስ ኤሮስፔስ ሠራተኛ በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ 13,000 ወረደ። በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ይህ ቅነሳ የሚታየው በምርታማነት መሻሻል ስም ነበር።

የየፋብሪካው የሠራተኛ ተጠሪዎች ችግሩን መጀመሪያ የተጋፈጡት ለየብቻ ነበር። ከ1960ዎቹ ማለቂያ በኋላ ግን በሁሉም ፋብሪካዎች ያሉ ተጠሪዎች «ጥምር ኮሚቴ» የሚል አንድ አካል መሠረቱ። ኮሚቴው ልዩ የሚያደርገው በ13 ማኅበራት የተከፋፈሉትን ሠራተኞች፣ ማለትም በቱታ የሚሠራውን የማሽን ባለሙያና በነጭ ሸሚዝ የሚሠራውን ነዳፊ መሐንዲስ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጡ ነው። የእንግሊዝን ፋብሪካ የመደብ ልዩነት ለሚያውቅ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ኩባንያው ኮሚቴውን በይፋ አላወቀውም፤ የማኅበራቱ የበላይ መሪዎችም ቢሆኑ ከእነርሱ ሥልጣን ውጭ የተፈጠረ ነገር በመሆኑ በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ጸሐፊው ኧርኒ ስካርብሮው ሲሆኑ፣ በኋላ ስማቸው በዓለም የታወቀው ደግሞ በአየርላንድ ቱአም ከተማ በ1934 የተወለዱት መሐንዲስ ማይክ ኩሊ ናቸው።

በኅዳር 1974 የኮሚቴው ተወካዮች በዚያን ጊዜ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ከነበሩት ከቶኒ ቤን ጋር ተገናኙ። የመጡት የአውሮፕላን ኢንዱስትሪው ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወር ሉካስ ኤሮስፔስም አብሮ እንዲዛወር ለመጠየቅ ነበር። ሚኒስትሩ ይህን ለማድረግ ሥልጣን እንደሌላቸው ነገሯቸው፤ ነገር ግን የአውሮፕላን ሥራ እያነሰ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለኩባንያው አማራጭ ዕቅድ ቢያዘጋጁ መልካም እንደሆነ መከሯቸው። ኮሚቴው ሐሳቡን በአንድ ጊዜ አልተቀበለውም። አንዳንዶቹ ይህ ከጌታው ጋር ተባብሮ የራስን ጉድጓድ መቆፈር ነው ብለው ፈሩ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዕቅድ ያወጣ ሰው ዕቅዱ ሲከሽፍ የጥፋቱ ተካፋይ ይሆናልና።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ኮሚቴው በቅድሚያ ያደረገው ነገር፣ ማናችንም ብንሆን ልናደርገው የምንችለው፣ ሊቃውንትን መጠየቅ ነበር። ለ180 ያህል ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ተቋሞችና ታዋቂ ሰዎች፣ «እንዲህ ያለ ሙያና መሣሪያ ያላቸው ሠራተኞች ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ምን ሊሠሩ ይችላሉ?» የሚል ደብዳቤ ተላከ። ፍሬ ያለው መልስ የሰጡት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በዚህ ጊዜ ኮሚቴው ወደ ራሱ ሰዎች ዞረ። በየፋብሪካው የተሠራጨው መጠይቅ ምን ዓይነት መሣሪያ እንዳለ፣ ምን ዓይነት ሙያ እንዳለ፣ የሠራተኛው ዕድሜ ምን ያህል እንደሆነ ከጠየቀ በኋላ፣ ሠራተኛው እንደ አምራች ብቻ ሳይሆን እንደ ተጠቃሚም አስቦ ፋብሪካው ምን ቢያመርት እንደሚመርጥ እንዲናገር ይጋብዝ ነበር። በእኛ ሙያ የንብረት ቈጠራ ስንል መጋዘን ገብተን ዕቃ እንቈጥራለን፤ እነዚያ ሰዎች የቈጠሩት ግን ማንም በመዝገብ አስፍሮት የማያውቀውን፣ በሰዎች እጅና ጭንቅላት ውስጥ የተከማቸውን ሀብት ነው።

ዕቅዱ በጥር 1976 ለኩባንያው ቀረበ። እያንዳንዳቸው 200 ገጽ ያህል የሆኑ ስድስት ጥራዞች የነበሩት ሲሆን 150 ያህል የምርት ሐሳቦችን ይዞ ነበር። የምርቶቹ ዝርዝር የሚያስደንቀው በብዛቱ ሳይሆን በምርጫው ነው። ኩባንያው ቀደም ብሎ በመጠኑ የሚሠራው የኩላሊት ማጣሪያ መሣሪያ ምርት በ40 በመቶ ከፍ እንዲል ተጠየቀ፤ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ብዙ የኩላሊት ሕመምተኞች መሣሪያ ባለመኖሩ ብቻ ይሞቱ ነበርና። የጀርባ አጥንታቸው ሳይገጥም ለተወለዱ ሕፃናት በዎልቨርሃምፕተን ፋብሪካ ያሉ ሰዎች የነደፏት «ሆብ ካርት» የተባለች ትንሽ ተሽከርካሪም በዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ይህች ተሽከርካሪ እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችለው ሕፃን በራሱ እጅ እየነዳ ከእኩዮቹ ጋር እንዲጫወት ያስችለዋል። ማይክ ኩሊ እንደጻፉት፣ ተሽከርካሪዋን የሠራው ሰው ለሕፃኑ ሲያስረክብ ያየው ደስታ በሥራ ዘመኑ ሁሉ ካገኘው እርካታ የበለጠ ነበር፤ ኩባንያው ግን ከምርት መስመሩ ጋር አይስማማም በማለት ሊያመርታት አልፈለገም።

ከኃይል ምንጭ ጋር የተያያዙት ሐሳቦች ደግሞ የዘመናቸውን ሠላሳና አርባ ዓመት የቀደሙ ናቸው። ከ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ መናር በኋላ የተጻፈው ዕቅድ ስለ ነፋስ ኃይል፣ ስለ ፀሐይ ኃይልና ስለ ነዳጅ ሴል ይናገራል። ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ የሙቀት ፓምፕ ከኦፕን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋር ተሠርቶ ተፈተነ። ሌላው ትንሽ የነዳጅ ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር በባትሪ አማካይነት ያጣመረ የተሽከርካሪ ኃይል ማመንጫ ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ስለሚሽከረከር ነዳጅም ጭስም ይቀንሳል የሚለው ሐሳብ በለንደን ኩዊን ሜሪ ኮሌጅ በናሙና ተሞከረ። ዛሬ «ሃይብሪድ» እያልን የምንጠራው መኪና በገበያ ላይ በብዛት መሸጥ የጀመረው ቶዮታ በ1997 ፕሪየስን ካወጣ በኋላ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የባቡርና የመንገድ ተሽከርካሪውን ጉዳይ ግን፣ ለአገራችን አንባቢ ቅርብ ስለሆነ፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልግለጸው። የሰሜን ምሥራቅ ለንደን ፖሊቴክኒክ መምህር ሪቻርድ ፍሌቸር ከኮሚቴው ጋር ሆነው በአስፋልት ላይ እንደ አውቶቡስ፣ በሐዲድ ላይ ደግሞ እንደ ባቡር የሚሄድ ተሽከርካሪ ሠሩ። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት አይወድም፤ ኩሊ እንደሚሉት ተራ ባቡር ከ80 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ከፍታ በላይ መውጣት ሲከብደው፣ የጎማው ተሽከርካሪ ግን በስድስት ሜትር አንድ ሜትር ሊወጣ ይችላል። በዚህም ምክንያት በተራራማና በድኻ አገሮች ተራራ መሰርሰርና ድልድይ መደርደር ይቀንሳል ተባለ። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የ780 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር ሐዲድ የሚያውቅ፣ ባቡሩም ወደ ደጋው ለመውጣት ስንት ቦታ እንደሚጠማዘዝ በመስኮት ያየ ኢትዮጵያዊ የነገሩን ጥቅም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ናሙናው አውቶቡስ ተሠርቶ በብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ለሕዝብ ታይቷል። በብዛት የሚያመርተው ግን አልተገኘም።

ኩባንያው መልስ የሰጠው በግንቦት 1976 ነው። ይዘቱም ሉካስ ኤሮስፔስ በለመደው የአውሮፕላን መሣሪያ ሥራ ላይ ማተኰሩን እንደሚቀጥል፣ ከሠራተኛው ጋር የሚደረገውም ምክክር በየፋብሪካው በነበረው ደንብ እንደሚካሄድ የሚገልጽ ነበር። ባጭሩ ዕቅዱንም ኮሚቴውንም አልተቀበለም። እዚህ ላይ ለሥራ አስኪያጆቹ ፍትሕ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። ለጦር ሚኒስቴርና ለአውሮፕላን ሠሪ በውል የሚሸጥ ኩባንያ ለቤት ባለቤት ፓምፕ ለመሸጥ የሻጭ ድርጅት፣ የጥገና ጣቢያና የገበያ ልምድ የለውም፤ ለሦስት ጠቢባን ደንበኞች መሥራትና ለሦስት ሚሊዮን ቤተሰብ መሥራት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ከዕቅዱ ሐሳቦች አንዳንዶቹ በደንብ የተሰሉ ሲሆኑ ሌሎቹ ከንድፍ ያላለፉ ነበሩ። ኩባንያው ግን ይህን ክርክር በቁጥር አስደግፎ በጠረጴዛ ላይ አላቀረበም። ስድስት ጥራዝ ለሚያህል ሥራ የተሰጠው መልስ አጭር መሆኑ ነገሩን ከንግድ ጥያቄ ይልቅ የሥልጣን ጥያቄ አደረገው፤ በእኔ አስተያየት ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

የሒሳብ ሙያው በዚያ ጊዜ ከዚህ ጉዳይ ውጭ አልነበረም። የእንግሊዝ የሒሳብ መመሪያ አውጪ ኮሚቴ በ1975 «ዘ ኮርፖሬት ሪፖርት» በሚል ርእስ ባወጣው የውይይት ሰነድ፣ ትልልቅ ድርጅቶች ሒሳባቸውን ለባለአክሲዮን ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው፣ ለአበዳሪው፣ ለመንግሥትና ለሕዝቡም ማሳየት እንደሚገባቸው ጠቁሞ ነበር። ካቀረባቸው አዳዲስ መግለጫዎች አንዱ የተጨማሪ እሴት መግለጫ ነው፤ ይኸውም በዓመቱ ውስጥ የተፈጠረው ሀብት ምን ያህል እንደሆነና ለደመወዝ፣ ለወለድ፣ ለግብርና ለባለቤት እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ነው። ሌላው ስንት ሰው እንደተቀጠረ፣ ስንት እንደተሰናበተና ለምን እንደሆነ የሚገልጽ የሠራተኛ ሪፖርት ነው። የሉካስ ተጠሪዎች ሲከራከሩበት የነበረው ነጥብ ይኸው ነው። አንድ መሐንዲስ ሲቀነስ የኩባንያው ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን መንግሥት የሥራ አጥነት ድጎማ ይከፍላል፣ የገቢ ግብር ይቀርበታል፣ ለትምህርቱ የወጣው የሕዝብ ገንዘብም ባክኖ ይቀራል። ወጪው አልጠፋም፤ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መዝገብ ተሻገረ እንጂ። የ1975ቱ ሰነድ ለጥቂት ዓመታት አንዳንድ ኩባንያዎች በፈቃዳቸው ከሠሩበት በኋላ፣ መንግሥቱ በ1979 ሲለወጥ ተረሳ።

የሉካስም ጉዳይ በዚያው ጊዜ እየደከመ ሄደ። ቶኒ ቤን በ1975 ወደ ኢነርጂ ሚኒስቴር ተዛውረው ስለነበር በኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ውስጥ ጠበቃ አልቀረም። በ1977 የወጣው ሕግ አውሮፕላን ሠሪዎቹን ወደ መንግሥት ይዞታ ሲያዛውር አቅራቢዎቹን አላካተተም። ኩባንያው በ1978 ወደ 2,000 የሚጠጉ የሥራ ቦታዎችን ለመቀነስና ፋብሪካዎች ለመዝጋት ማሰቡን ባስታወቀ ጊዜ ሠራተኞቹ ዕቅዱን መከራከሪያ አድርገው ቀረቡ፤ ቅነሳውም ለጊዜው ከታሰበው ዝቅ አለ። በዚሁ ዓመት በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ፖሊቴክኒክ የአማራጭ ኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ ማእከል ተቋቋመ። በ1979 ኮሚቴው ለኖቤል የሰላም ሽልማት ታጨ። ኮሚቴው ክብር ያገኘው ከውጭ ሲሆን ኃይል ያጣው ግን በውስጥ ነበር።

ማይክ ኩሊ በ1981 ከሥራ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በለንደን ከተማ ምክር ቤት ሥር በተቋቋመው የኢንተርፕራይዝ ቦርድ ውስጥ የቴክኖሎጂ ማእከሎችን ሲያደራጁ ቈዩ፤ ምክር ቤቱም በ1986 ፈረሰ። ኩሊ በመስከረም 2020 ዐረፉ። ከቅነሳው የተረፈው ኩባንያ ግን በመቀነሱ አልዳነም። ሉካስ ኢንዱስትሪዝ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኪሣራ ያስመዘገበው ኩሊን ባሰናበተበት በ1981 ነው። ምክንያቱ በዋናው የመኪና ገበያ መውደቅና የፓውንድ መወደድ ስለሆነ ሁለቱን ነገሮች አንዱ የሌላው ውጤት አድርጎ ማቅረብ አይገባም።

የኃላፊነት ጥያቄ ግን በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። የሉካስ የአሜሪካ ቅርንጫፍ የሆነው ሉካስ ዌስተርን ለኤፍ 18 ተዋጊ አውሮፕላን የሚሆኑ የማርሽ ሳጥኖችን ሳይመረምር እንደመረመረ አድርጎ የውሸት ሰነድ መስጠቱ ተደረሰበት። በ1995 ጥፋቱን አምኖ 18.5 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ፣ በፍትሐ ብሔር ደግሞ 88 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ከፈለ። ኩባንያው በ1976 የሠራተኞቹን ዕቅድ ሲመልስ የጠቀሰው የአውሮፕላን መሣሪያ ሥራውን ነበር፤ በ1995 ያዋረደው ደግሞ ያው ሥራ ነው። ምርመራውን ያስጀመረውም ጉዳዩን የሚያውቅ የውስጥ ሰው ጥቆማ እንጂ የዓመቱ ሒሳብ ምርመራ አልነበረም። ይህን የምጽፈው የሙያ ጓደኞቼን ለመውቀስ አይደለም፤ ኦዲተር የማርሽ ሳጥን ፈትቶ አያይም። የፈረመበት የዕቃ ክምችት ዋጋ ግን በእነዚያ የውሸት የምርመራ ሰነዶች ላይ የቆመ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የስም መለዋወጥ ታሪክ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሉካስ በ1996 ቫሪቲ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ በ1999 ቲ አር ደብልዩ ገዛው፤ የአውሮፕላን ክፍሉን በ2002 ጉድሪች ወሰደው፤ ጉድሪችን ደግሞ በ2012 ዩናይትድ ቴክኖሎጂስ ጠቀለለው፤ ይህም ከ2018 ጀምሮ ኮሊንስ ኤሮስፔስ ተብሎ ዛሬ አር ቲ ኤክስ በሚባለው ኩባንያ ሥር ይገኛል። የበርንሊው ፋብሪካ መንገድ ግን የተለየ ነው። ለአውሮፕላን ሞተር ሽፋን የሚሠራው የዚያ ከተማ ክፍል ወደ ፈረንሳዮች ተላልፎ ሳፍራን ናሴልስ የሚል ስም ያዘ። የሙቀት ፓምፕን ጉዳይ ያየን እንደሆነ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በ2020 ባወጣው የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ በ2028 በየዓመቱ 600,000 የሙቀት ፓምፖች እንዲተከሉ ግብ አድርጓል።